እንዶዷን የቆረጥኳት እኔ ነኝ

ጥፋቱን አስቀድሜ ልናገር። ላሊበላ፣ እናቴ ጓሮ፣ የድንጋዩ ካብ ላይ ተንጠላጥላ የነበረችውን እንዶድ የቆረጥኳት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። የውጭ ኩባንያ አልመጣም፣ ደላላ አልመጣም፣ ማኅተም ያሳረፈ ባለሥልጣንም የለበትም። እኔው ራሴ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ስለ እንዶድ ተጠይቄ በትክክል የመለስኩት ልጅ፣ ማጭድና መጥረቢያ ይዤ ወጥቼ ቆርጬ ጣልኳት።

ይሄን የምጽፈው ለኑዛዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለነፍስ አባቴ ነግሬ ዝም ባልኩ ነበር። ለጠብም ነው የምጽፈው። ጠቡ ከእናንተ ጋር ነው፤ ከእኩዮቼ ጋር፣ በየጊዜው «ፈረንጆች እንዶዳችንን ሰረቁን» የሚል ቪዲዮ በቴሌግራምና በቲክቶክ ከምንቀባበለው ጋር። እኔም ቪዲዮውን አጋርቻለሁ። ሁለቴ። ሁለቴም ሳጋራው ግን እንዶድ በቁሟ ምን እንደምትመስል አላውቅም ነበር።

*

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ሰኔ ላይ፣ ከስምንት ዓመት የአዲስ አበባ ኑሮ በኋላ ጠቅልዬ ወደ ላሊበላ ተመለስኩ። ይዣቸው ከመጣኋቸው ነገሮች መካከል በፌስታል የተቋጠሩ ሦስት የፓሽን ፍሩት ችግኞች ነበሩ። ዕቅድ ነበረኛ! ጓሮው ካብ ላይ ሽቦ እወጥራለሁ፤ ፓሽኑ ሽቦውን ይዞ ይወጣል፤ ከሥሩ ሁለት ጠረጴዛ አስቀምጣለሁ፤ ጦርነቱ ያባረረው ጎብኚ ሲመለስ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ጭማቂ ይጠጣል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ብርጭቆ በስንት እንደሚሸጥ አይቻለሁ። የፓሽን አበባ ፎቶ ላይ እንዴት እንደሚያምርም ታውቃላችሁ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ካቡን ሌላ ነገር ይዞታል። ግንዱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ፣ ቅርንጫፉ ካቡን አልፎ የጎረቤት ወይራ ላይ የወጣ፣ ከጣት የሚረዝም ዘለላ ያንጠለጠለ ነገር ነው። ዘለላው ላይ ጥቃቅን አረንጓዴ ፍሬ ተደርድሯል። «አረም» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበርና የምጠይቀው ሰው በአጠገቤ አልነበረም፤ ብትኖርም የምጠይቃት አይመስለኝም። አረም ምን ይጠየቃል? ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

እማዬ ስትመለስ ክምሩን አየችው። አልጮኸችም። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና፣ «አንተ ልጅ፣ ይህች እኮ በዚያ ክፉ ጊዜ ያጠበችን ናት» አለችኝ።

ክፉ ጊዜ የምትለው ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ያለውን ነው፤ ጦርነቱ ላሊበላ ገብቶ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትቀያየር፣ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ የማይሠራ ስልክ ላይ ስደውል የከረምኩበትን። መብራት ጠፍቷል፣ ባንክ ተዘግቷል፣ በጋሸና በኩል ዕቃ የሚያመጣ መኪና የለም። ዘይትና ጨው ሲጠፋ ሰው ሁሉ ያወራል። ስለ ሳሙና ማንም አያወራም። የሕፃን ጨርቅ ግን በየቀኑ ይቆሽሻል። የታመመ ሰው አንሶላ አለ። ለቀብር የሚለበስ ነጠላ አለ። የሰፈሩ ሴቶች በየተራ ወደ ጓሯችን እየመጡ ዘለላ ይቀጥፉ ነበር፤ አረንጓዴውን፣ ሳይቀላ። አድርቀው፣ ወቅጠው፣ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፈው ያጥቡበታል። «ረኃቡስ ይሁን፤ ቆሽሾ መዋል ግን ሰውን ከሰውነት ያወጣዋል፤ እሷ ናት ያቆየችን» አለች እማዬ።

እኔ ለሁለት ጠረጴዛ ቦታ ስል የቆረጥኩት ይህንን ነው።

*

አሁን ወደ ዘጠነኛ ክፍል ልመልሳችሁ። የእኔ ዘመን ተማሪዎች ታስታውሳላችሁ፤ የባዮሎጂው መጽሐፍ ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶችን ያስተዋውቀን ነበር። ከእነሱ አንዱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። መምህራችን የእንዶድን ሳይንሳዊ ስም ሰሌዳው ላይ ጻፈልን፦ ፋይቶላካ ዶዴካንድራ። አንዲት ፊደል ሳልስት ሸመደድኩት። ፈተና ላይ መጣ፣ መለስኩ፣ ነጥቡን አገኘሁ።

ያ ሰሌዳ ከእኛ ጓሮ በእግር የሃያ ደቂቃ መንገድ ቢሆን ነው። ማንም «ተነሱ፣ ወጥተን እንያት» አላለንም። መምህሩን ለብቻው አልወቅስም፤ እሱም እንደዚያው ነው የተማረው። ከአድዋ የተገኘ፣ በኢትዮጵያዊ የተመራ ግኝት በእንግሊዝኛ ተጽፎልን፣ በላቲን ስሙ ተጠይቀን፣ ተጨብጭቦልን አለፍን። ስሟን በላቲን መጻፍ እችላለሁ። ካባችን ላይ ቁጭ ብላ ሳያት ግን አላወቅኋትም። ይሄ ምን ዓይነት ዕውቀት ነው?

ታሪኩን ለማታስታውሱ ባጭሩ ላውራችሁ። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ትል የሕይወቱን አንድ ክፍል የሚያሳልፈው ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ነው። ከቀንድ አውጣው ይወጣና ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን የገደለ ሰው የበሽታውን መሻገሪያ አፈረሰ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ከውጭ ትምህርታቸውን ጨርሰው ብዙም ያልቆዩት አክሊሉ ለማ ይህንኑ በሽታ ለማጥናት አድዋ ሄዱ። እዚያ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከፍ ብሎ ያሉት ግን በሕይወት አሉ።

ከዚያች ቀን ተነሥቶ የዕድሜ ልክ ሥራ መጣ። ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው ተቋም የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመሠረተ፤ ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። አድዋ ላይ ለአምስት ዓመት ወንዞቹን በእንዶድ የማከም ሥራ ተሠርቶ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየቦታው የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዓይነቶች እያወዳደሩ ኃይለኛውን ለይተው አወጡ፤ «ዓይነት 44» የሚባለውን። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ሰዎች ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በመሃል ግን ዓመታት ባከኑ። አፍሪካ ውስጥ የተገኘ ማስረጃ በምዕራብ አገር ላብራቶሪ እንደገና ካልተፈተነ አይታመንም ነበርና አክሊሉ ይህንን በአደባባይ አማረዋል። ትክክል ነበሩ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስም የሌላቸው እነማን ናቸው?

ወንዝ ዳር የነበሩት ሴቶች። ከፍሬዋ ተጣርቶ የወጣው ቀንድ አውጣ ገዳይ ንጥረ ነገር በሳይንቲስቱ ስም «ለማቶክሲን» ተብሏል። ይገባቸዋል፤ አንዲት ፊደል አልቀንስባቸውም። ነገር ግን እንዶድ እንደምታጥብ ከአክሊሉ በፊት ያወቀ ሰው አለ። ፍሬዋ ሳይቀላ ሲቀጠፍ እንደሚበረታ ያወቀ ሰው አለ። ኬሚስቶች ቆይተው የደረሱበት ደግሞ የበለጠ ይገርማል። ገዳዩ ሳፖኒን የሚፈጠረው ፍሬው ተወቅጦ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ነው። ያንኑ ፍሬ ሜታኖል በሚባለው አልኮል ካወጡት ቀንድ አውጣውን አይገድልም። ወቅጦ በውኃ መዘፍዘፍ የእናቶቻችን ዘዴ ነው። ላብራቶሪው ዞሮ ዞሮ ሙቀጫው ጋ ደረሰ።

ታዲያ እኔ ያንን ዘዴ ለምን አላወቅሁትም? ወንድ ስለሆንኩ ነው። ቤታችን ውስጥ ልብስ ማጠብ የእህቴ ሥራ ነበር። እኔ እንዶድን የማውቃት ደርቃ፣ ቅዳሜ ገበያ በጣሳ ስትሰፈር ነው። ቁሟን አላውቃትም፤ ማወቅም አልተጠበቀብኝም። ዕውቀቱ ከሴት ወደ ሴት እየተላለፈ ይኖራል፤ ስሙና ሽልማቱ ወንዶች ጋ ይቀራል። በመሃል እንደ እኔ ያለው ማጭድ ይዞ ጓሮ ይገባል።

*

ወደ ቪዲዮው ልምጣ። ቪዲዮው የሚለው፣ አሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን ሰርቆ በስሙ አስመዘገበ ነው። እውነት አለበት። የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ «ዜብራ ማስል» የምትባል ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ የማትበልጥ፣ ባለ ዛጎል የውኃ ፍጥረት ከአውሮፓ በመርከብ ገብታ ተራባች፤ የውኃ ቧንቧ እየዘጋች ብዙ ገንዘብ ታስከስር ጀመር። እንዶድ ትገድላታለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዩኒቨርሲቲው ለዚህ አጠቃቀም ፓተንት ያዘ። ለሺህ ቀናት ወንዝ ዳር የወቀጡት ሴቶች በዚያ ወረቀት ላይ የሉም። ያስቆጣል። እኔንም ያስቆጣኛል።

ቪዲዮው የማይነግራችሁ ነገር ግን አለ። ከፈልሳፊዎቹ ስም መካከል የራሳቸው የአክሊሉ ለማ ስም አለበት፤ ነገሩ «ሌባና ተዘራፊ» ብለን እንደምንቆርጠው ቀላል አይደለም። ፓተንቱ የተሰጠው እንዶድን በዚያች የውኃ ፍጥረት ላይ ለመጠቀም ነው። ከኦሃዮ ተነሥቶ የእናቴን ካብ የሚነቅል ሰው አልነበረም። ፓተንት ደግሞ ዕድሜ አለው፤ ሃያ ዓመት ገደማ ነው፤ የዚያኛውም ጊዜ አልፏል። የእኛ ቁጣ ብቻ ጊዜው አያልፍበትም፤ ምክንያቱም ምንም አያስከፍለንም። አንድ ጣት፣ አንድ «አጋራ» የሚል ቁልፍ፣ አለቀ። የአገር ልጅ ሆነን ዋልን።

በጤፍም ያው ነው። በሆላንድ የተያዘውን የጤፍ ፓተንት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሄግ ያለው ፍርድ ቤት ዋጋ የለውም ሲል እልል አልን። እሰየው። ግን ስንቶቻችን ነን የሦስት ጤፍ ዓይነት ስም መጥራት የምንችል? ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ብላችሁ ቀለም እንዳትጠሩልኝ። ገበሬው የሚጠራቸውን ነው የምጠይቃችሁ።

አገራችን ሕግም አላት። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482፣ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የሚደነግገው፣ የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት ማኅበረሰቡ ራሱ ነው ይላል። ጥሩ አዋጅ ነው። ነገር ግን አዋጅ መጠበቅ የሚችለው ያለን ነገር ነው። ዕውቀቱ እናቴ ራስ ውስጥ ብቻ ከቀረ፣ ልጇ ያንኑ ነገር «አረም» ካለው፣ አዋጁ ምኑን ይጠብቅ? ባዶ ቤት ላይ ቁልፍ ማንጠልጠል ነው።

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። እኛ ከዚያም ብሰናል። ወርቅ መሆኑ ትዝ የሚለን ሌላ ሰው ሲያነሳው ብቻ ነው። ፈረንጅ ሲወስደው «የእኛ ነበር»፤ እዚሁ ሲቀር «ቦታ ይዟል»።

*

ይሄን ሁሉ ለእህቴ ሳነብላት ሳቀች። «ቆይ፣ አንተ ሳፋ ውስጥ እጅህን ነክረህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ከዚያ ተቀብላ ወረደችብኝ። እንዶድ ሲወቀጥ ብናኙ አፍንጫ ገብቶ ያስነጥሳል። አረፋው ዓይን ከገባ ያቃጥላል። አንድ ጋቢ ለማጠብ ግማሽ ቀን ይሄዳል። «እኔ በዱቄት ሳሙና በሃያ ደቂቃ ጨርሼ ልጄን የማስጠናውን፣ አንተ ቅርስ ትጠበቅ ብለህ ወደ ሙቀጫ ልትመልሰኝ ነው? ድህነትን እንደ ጥበብ አትሽጥብኝ!»

እህቴ ልክ ናት። ስለ እንዶድ የሚያምር ነገር የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ በእንዶድ አጥበው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ማንም ሴት ወደ ሙቀጫ ትመለስ አልልም። የሚመለስ ካለ ወንዱ ይመለስ፤ ተራው ነው። ሌላም ልጨምርላት። ለቢልሃርዚያ ዛሬ ዋናው መፍትሔ ፕራዚኳንቴል የሚባለው ኪኒን ነው፤ እንዶድ በሰፊው ወንዝ ማከሚያ አልሆነችም። እንዶድ ንጹሕ መልአክም አይደለችም። ዓሣ ትገድላለች፤ እጣቢዋ ዓሣ ያለበት ውኃ ውስጥ መደፋት የለበትም። ሥሯንና ቅጠሏን ለመድኃኒት ብለው የሚጠጡ አሉ፤ መርዝ ናት፣ ሰው ትገድላለች። ይሄን ጽሑፍ አንብቦ የሚጠጣ ሰው እንዳይኖር።

ታዲያ ምን ቀረ? ለእህቴ የመለስኩላት ይሄን ነው፦ ድካሙ ይቅር፣ ዕውቀቱ ግን አይቅር። ሁለቱን አንድ አድርገን ስለምናስብ ነው አንዱን ስንጥል ሌላውን የምንጥለው። ሳሙና በመኪና ነው የሚመጣው። መኪናው ያልመጣበትን አምስት ወር አይታችኋል፤ እኔ አላየሁም። ካቡ ላይ ያለችው ግን መንገድ አይዘጋባትም፣ ምንዛሪ አትጠይቅም፣ ማንም ወገን ኬላ አቁሞ አያግዳትም። በሰላም ቀን ማንም አይፈልጋትም፤ አትፈለግ። የመጠባበቂያ ጀሪካንን በየቀኑ አንጠጣውም። ግን ደግሞ አንበሳውም።

እህቴ ትንሽ ዝም አለችና፣ «እሱን ከመቁረጥህ በፊት ብታስበው ጥሩ ነበር» አለች።

*

ፓሽኑስ? ክረምቱን ደህና ወጣ። ቅጠል አበዛ፣ ሽቦውን ያዘ፣ ፎቶ አነሣሁት። ላሊበላ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኅዳር ገብቶ ከአቡነ ዮሴፍ በኩል የሚወርደው የሌሊት ቁር ሲጀምር ቅጠሉ ጠቆረ። ለገና ምእመናኑ ነጭ ለብሰው ከተማዋን ሲሞሉ፣ ቤተ ማርያም ዙሪያ ቤዛ ኩሉ ሲዘመር፣ የእኔ ሦስት ችግኞች ደርቀው ሽቦ ላይ ተንጠልጥለዋል። አበባውን አላየሁትም።

ስለዚያ አበባ ስም በኋላ አነበብኩ። «ፓሽን» ሲባል ፍቅርና ስሜት ይመስለኝ ነበር፤ ሕማማት ማለት ነው። ደቡብ አሜሪካ የገቡ የስፔን ሚስዮናውያን አበባውን አይተው በዙሪያው ያለውን ክር መሰል ነገር የእሾህ አክሊል አሉት፤ ሦስቱን ጫፎች ሦስት ችንካሮች፣ አምስቱን ደግሞ አምስት ቁስሎች ብለው አነበቡት። ሰዎቹ ከማያውቁት አገር ሐረግ ላይ የራሳቸውን እምነት አነበቡ። እኔ ደግሞ ቤተ ጎልጎታ ከአለት በተፈለፈለበት ከተማ የሰው አገር የሕማማት አበባ ልተክል ብዬ እናቴን ያጠበቻትን ሐረግ ቆረጥኩ። ይሄን ተረት አድርጌ ባወራው «አጋነንከው» ባላችሁኝ ነበር።

ሐረግ ካልኩ አይቀር፣ አንድ ነገር ልጨምር። የብራና መጽሐፍ ተገልጦ ያየ ሰው ያውቃል፤ ከገጹ አናት ላይ በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ የተጠላለፈ ጌጥ ይኖራል። ስሙ ሐረግ ነው። ቃላት ተያይዘው ገና ዓረፍተ ነገር ሳይሆኑ ሲቀሩ ሐረግ ይባላሉ። አያት ቅድመ አያት ሲቆጠር የዘር ሐረግ ይባላል። መጽሐፉን፣ ሰዋስውንና ዘርን በአንድ ተክል ስም የጠራው ሰው፣ አጥሩ ላይ ያለውን ሐረግ ቆሞ ያየ ሰው ነው። እኛ ቃሉን ወርሰናል። ዓይኑን አልወረስንም። የዘር ሐረግ ላይ ስንጣላ ውለን ስናድር፣ አጥራችን ላይ ያለውን ሐረግ ስሙን የሚያውቅልን ይጠፋል።

*

ምን ይደረግ ለምትሉኝ፣ ትልቅ ነገር አልጠይቅም።

ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ የምታስተምሩ ካላችሁ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ከግቢ ውጡ። ካብ ለካብ ሂዱ። እንዶድ አገር ሙሉ ናት፤ በትግርኛ ሽብቲ፣ በኦሮምኛ እንዶዴ ትባላለች። ወንዴና ሴቴ ተክሏ ለየብቻ መሆኑን አሳዩአቸው፤ ፍሬ የሌላት «መካን» ሳትሆን ወንዴ መሆኗን ይወቁ፣ ያኔ ማንን እንደሚቆርጡ ያስባሉ። ላቲኑን ከዚያ በኋላ ሰሌዳ ላይ ጻፉት። ያኔ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

ችግኝ ለመትከል በየክረምቱ የምንወጣውም እንዲሁ። በሐምሌ 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ቆጠርን፣ አጨበጨብን። መትከሉን አልጠላም። ግን ጉድጓዱን ለመቆፈር የመነጠርነውን ማን ቆጠረው? ከመቆፈራችሁ በፊት ለአንዲት የሰፈሩ አሮጊት «እማማ፣ ይሄ ምንድነው?» ማለት አምስት ደቂቃ አይወስድም። «አረም ነው» ካሉ መንጥሩት። ካላሉ ቁጭ ብላችሁ ስሟት። የሚሉትንም በስማቸው ጻፉት፤ «የአካባቢው ሴቶች እንደሚሉት» ብላችሁ አትለፏቸው። አንድ ጊዜ እንደዚያ አልፈናቸዋል፤ አድዋ ላይ።

ቪዲዮውንም ማጋራት ትችላላችሁ። ከማጋራታችሁ በፊት ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጡ፦ እንዶዷን በቁሟ አይታችኋት መሆን አለበት። ይሄን ሕግ ብናከብር፣ እመኑኝ፣ ኢንተርኔቱ ለአንድ ወር ጸጥ ይላል።

እኔ ጓሮ ያለው ነገር እንዲህ ሆነ። እንዶድ ግንዷ ሲቆረጥ ሥሯ አይሞትም። መጋቢት ላይ ትንሽ ዝናብ ሲጥል ከጉቶው ሦስት ቀይ ያለ እንቡጥ ወጣ። ነገሩን ለማንም አልተናገርኩም፤ እማዬ ግን ከእኔ በፊት አይታው ኖሯል፣ በየማለዳው የፊት መታጠቢያ ውኃዋን እዚያ ትደፋለች። የፓሽኑን ሽቦ አልነቀልኩትም። እሷው ይዛው እየወጣች ነው። ፍሬ ስትይዝ የመጀመሪያውን ዘለላ የምወቅጠው እኔ ነኝ፤ እህቴ ወንበር ስባ ቁጭ ብላ እያየች፣ እያስነጠስኩ። የማጥበውም የእማዬን ነጠላ ነው፣ ያን ዕለት ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ አፈር የነካውን።

እናንተም ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ስልኩን አስቀምጡና ከእናታችሁ ጋር ወደ ጓሮ ውጡ። አጥሩ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ጠይቋት። እሷም የማታውቀው ከሆነ ጎረቤት ጥሩ። ጎረቤትም ካላወቀ፣ እንግዲያው ማጭዱን አስቀምጡ። የማታውቁትን አትቁረጡ።